ለጋይንት፣ ለስማዳና ለእስቴ ደጋ የፀሐይና የነፋስ መብራት

ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው የጉና ተራራ በፋርጣ፣ በጋይንትና በእስቴ መካከል ቆሞ ውኃውን ለሁለት ወገን ያካፍላል፤ በምዕራብ ጎኑ የሚወርዱት ርብና ጉማራ ጣና ሐይቅ ይገባሉ፤ በምሥራቅና በደቡብ የሚፈሱት ግን ጋይንትንና ስማዳን ከወሎ በሚለየው በበሽሎ፣ ወይም እስቴን ከጎጃም በሚለየው በዓባይ ሸለቆ እየተጠቃለሉ ወደ ቆላው ይወርዳሉ። ይህ ውኃ ለአገሪቱ መብራት የሰጠው አገልግሎት ታላቅ ነው። በ1956 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የጢስ ዓባይ ጣቢያ፣ በ2002 ዓ.ም. የተመረቀው 460 ሜጋ ዋት የጣና በለስ ጣቢያ፣ ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው 5,150 ሜጋ ዋት ታላቁ የኅዳሴ ግድብ፣ ሁሉም ከዚህ ደጋ ከሚወርደው ውኃ ድርሻ አላቸው። ነገር ግን ውኃው በሚነሣበት በዚያው አገር፣ ይልቁንም ከሸለቆው አፋፍ ላይ በተቀመጡት ቀበሌዎች፣ እስከ ዛሬ በእጅ ባትሪ ብርሃን የምትወልድ እናት፣ በኩራዝ ጢስ ዓይኑን እያሸ ደብተሩን የሚያነብ ልጅ፣ እህሏን ተሸክማ ሩቅ ወፍጮ የምትወርድ ሴት አሉ፤ ይህንንም አውቆ ዝም ማለት ለሕሊና የሚከብድ ነው።

ምክንያቱን ለማወቅ የአገሩን አቀማመጥ መመልከት ያሻል። ከወረታ ተነሥቶ በደብረ ታቦርና በነፋስ መውጫ አልፎ ወልድያ የሚደርሰው፣ ቻይናውያን የሠሩት ጎዳና በደጋው ጀርባ ላይ ይሄዳል፤ የመብራቱ ሽቦም ጎዳናውንና ከተማውን ተከትሎ ነፋስ መውጫን፣ አርብ ገበያን፣ ወገዳንና መካነ ኢየሱስን ያገኛል። ከእነዚህ ከተሞች ወጥቶ ወደ ቀበሌው የሚሄድ ሰው ግን አንድ ሰዓት ሳይጓዝ ገደል ይገጥመዋል፤ በዓይን የሚታየውና ሰው ተጠራርቶ የሚሰማማበት ማዶ፣ ወርዶ ወጥቶ ለመድረስ ግማሽ ቀን ይፈልጋል፤ በማዶውም ያሉት ቤቶች እዚህ ሦስት እዚያ አምስት ሆነው በየጉብታው የተበተኑ ናቸው። ለእነዚህ ጥቂት ቤቶች ምሰሶ ተሸክሞ ገደሉን ማሻገር፣ ትራንስፎርመር ማቆም፣ በመብረቅና በዝናም የሚወድቀውን እንደ ገና ማንሣት የሚያስከትለው ወጪ ከሚገኘው ገቢ ጋር ፈጽሞ አይመጣጠንም። መንግሥትም ይህን ስላወቀ በ2010 ዓ.ም. ባወጣውና በ2011 ዓ.ም. ባሻሻለው ብሔራዊ የኤሌክትሪክ ፕሮግራም፣ እ.ኤ.አ. እስከ 2025 ለሕዝቡ ሁሉ መብራት ለማድረስ ሲያስብ፣ ከመቶው 65 እጅ በዋናው መስመር፣ 35 እጅ ግን ከመስመሩ ውጭ በሚመነጭ ኃይል እንዲያገኝ ወስኖ ነበር። ቀጠሮው ሳይፈጸም ዘመኑ ቢያልፍም፣ ገደል ያለበት አገር ሽቦ ብቻ እየጠበቀ መኖር እንደማይገባው ያመነ ውሳኔ በመሆኑ ትክክል ነበር እላለሁ።

በዚህ ጽሑፍ የምናገረው ስለ እያንዳንዱ ቤት መብራት አይደለም። ለአንድ ቤተ ሰብ የሚበቃ ትንሽ ሶላር ዛሬ በየገበያው ይሸጣል፤ ገበሬው ቆርቆሮው ላይ አስሮ አምፑል ያበራበታል፣ ስልኩን ቻርጅ ያደርግበታል፤ ለዚህም የማንንም ምክር አይፈልግም። እኔን የሚያሳስበኝ የጋራ የሆነው ነገር ነው፤ ይኸውም ጤና ኬላው፣ ትምህርት ቤቱ፣ የውኃ ጉድጓዱ፣ ወፍጮው፣ የስልክ ማማውና ቤተ ክርስቲያኑ ነው። ለእነዚህ የሚበቃው ኃይል ከአንድ ቤት የላቀ ነው፤ ከእነርሱም አንዳንዶቹ አንዲት ሌሊት እንኳ መቋረጥን አይታገሡም።

ነፋስን ወደ ኤሌክትሪክ የመለወጥ ጥበብ በመጀመሪያ ዘመኑ የገጠር መምህርን ቤት ያንኳኳ መሆኑ የሚያስደስት ነው። እ.ኤ.አ. በ1891 ፖል ላ ኩር የተባለ የዴንማርክ ሊቅ በሚያስተምርባት በአስኮቭ መንደር የነፋስ መዘውር አቁሞ ኤሌክትሪክ አመነጨ፤ ነፋሱ ሲፈለግ እንደማይመጣ ስለ ተረዳም በኤሌክትሪኩ ውኃን ከፍሎ ሃይድሮጅን የተባለውን ጋዝ በማጠራቀም፣ ነፋስ በሌለበት ሌሊት ትምህርት ቤቱን በዚያ ጋዝ አበራ። የፀሐይም ነገር እንዲሁ ነው። የአሜሪካው የቤል ቤተ ሙከራ እ.ኤ.አ. በ1954 የዛሬውን የፀሐይ ሰሌዳ አባት የሆነውን የሲሊኮን ሴል ለዓለም ሲያሳይ፣ ከሚያርፍበት ብርሃን ከመቶ ስድስት እጅ ያህሉን ብቻ ይለውጥ ነበር፤ በማግሥቱ ዓመት በጥቅምት ወር በጆርጅያ ግዛት አሜሪከስ በተባለች ከተማ አጠገብ የተሞከረው ግን በገጠር የስልክ መስመር ላይ ነበር። እንግዲህ ሁለቱም ጥበባት ከልደታቸው ጀምሮ ከትልቅ ከተማ ርቆ ለሚኖር ሕዝብ የታሰቡ ናቸው፤ ለጋይንትና ለስማዳ ቢመጡም እንግዳ አይሆኑም።

በአገራችንም መነሻ አላቸው። በ1960ዎቹ ዓ.ም. በኦሞ ወንዝ ዳር የነበረው የአሜሪካ ፕሬስቢቴሪያን ሚሲዮን በቀርጤስ ደሴት እንደሚታየው ያለ የሸራ ክንፍ ያላቸውን የነፋስ መዘውሮች ተክሎ ከወንዙ ውኃ እየቀዳ አትክልት ያለማ ነበር፤ ሥራውም እ.ኤ.አ. በ1975 በእንግሊዝ አገር በታተመ መጽሐፍ ተመዝግቧል። እ.ኤ.አ. በ1985 ደግሞ በመካከለኛው ኢትዮጵያ በምትገኘው በሚቶ መንደር 10.5 ኪሎ ዋት የፀሐይ ጣቢያ ተተከለ፤ ከአራት ዓመት በኋላ ወደ 30 ኪሎ ዋት አድጎ ለቤቶች መብራት፣ ለውኃ ፓምፕና ለወፍጮ ኃይል ሰጠ። ከዚያ ወዲህ በአገሪቱ ከተተከሉት የፀሐይ ሰሌዳዎች ውስጥ ለረዥም ዘመን አብዛኞቹ በየተራራው ራስ ላይ ላሉት የቴሌ ጣቢያዎች ያገለገሉ ነበሩ። በአማራ ክልል በሰሜን ሸዋ፣ በመርሐ ቤቴ አገር ያለችው ሬማ ግን ከሁሉ ይልቅ ልንማርባት የሚገባን መንደር ናት፤ አንድ የጀርመን የፀሐይ ኃይል ፋውንዴሽን እ.ኤ.አ. ከ2006 ጀምሮ በዚያች መንደር ቤቶችን በሶላር ሲያበራ፣ ባለ ቤቱ ለጥገና የሚሆን ገንዘብ በየወሩ እንዲከፍል፣ ጠጋኙም ከዚያው አገር ተወልዶ በዚያው በተከፈተ የሥልጠና ቤት የተማረ ልጅ እንዲሆን አደረገ። ወደዚህ ነገር በኋላ እመለሳለሁ።

ፀሐይና ነፋስ በአንድነት ቢጣመሩ ለኢትዮጵያ ገጠር ይበቃሉን? የሚለውን ጥያቄ በሒሳብ የመረመረው ዶክተር ጌታቸው በቀለ ነው። በስቶክሆልም በንጉሣዊው የቴክኖሎጂ ተቋም በ2002 ዓ.ም. ያቀረበው የዶክትሬት ጽሑፍ 200 አባወራ፣ 1,000 ያህል ሰው፣ አንድ ትምህርት ቤትና አንድ ጤና ኬላ ያለባትን መንደር በአሳብ መሥርቶ፣ ለመብራት፣ ለራዲዮ፣ ለውኃ ፓምፕና ለሕክምና መሣሪያዎች የሚያስፈልጋትን ኃይል ከፀሐይ ሰሌዳ፣ ከነፋስ ተርባይን፣ ከባትሪና ለክፉ ቀን ከሚነሣ ጄኔሬተር እንዴት ልታገኝ እንደምትችል አስልቷል። ከዚህ በፊትም የአዲስ አበባን፣ የመቀሌን፣ የአዳማንና የደብረ ዘይትን ነፋስ መርምሮ፣ ከመሬት 10 ሜትር ከፍታ ላይ በሦስቱ ቦታዎች አማካይ ፍጥነቱ በሴኮንድ 4 ሜትር ያህል ሲሆን፣ በአራተኛው ግን ከ3 ሜትር በታች መሆኑን አግኝቷል። ይህ የቁጥር ልዩነት ትንሽ ይመስላል፤ ነገር ግን የነፋስን ጠባይ ለሚያውቅ ሰው የመኖርና ያለ መኖር ልዩነት ነው።

ምክንያቱም የነፋስ ኃይል ከፍጥነቱ ጋር እኩል አይጨምርም። ፍጥነቱ እጥፍ ቢሆን ኃይሉ ስምንት እጥፍ ይሆናል፤ በ4 ሜትር የሚነፍሰው በ3 ሜትር ከሚነፍሰው ከሁለት እጥፍ በላይ ኃይል ያዘለ ነው። ለምሳሌ ክንፎቹ ሲዞሩ 3 ሜትር ዲያሜትር የሚከቡ ተርባይን በደጋ ላይ ቢቆም፣ በሴኮንድ 10 ሜትር በሚነፍስ ብርቱ ነፋስ 950 ዋት ያህል ይሰጣል፤ ሻጩም አንድ ኪሎ ዋት ነው ብሎ ይሸጠዋል፤ በ5 ሜትር ነፋስ ግን የሚሰጠው 120 ዋት ብቻ ነው። ነፋሱ በዚሁ ፍጥነት ሳያቋርጥ ቀንና ሌሊት ቢነፍስ እንኳ በቀን የሚገኘው 3 ኪሎ ዋት ሰዓት ገደማ ነው፤ ይህንንም ባለ 400 ዋት ሁለት የፀሐይ ሰሌዳዎች ያስገኙታል። እውነት ነው፣ ነፋስ ከፍ ዝቅ ስለሚል የብርቱው ሰዓት ትርፍ የዓመቱን ድምር ያሳድገዋል፤ ሆኖም ገንዘቡን ለተርባይን የሚያወጣ ሁሉ አስቀድሞ ይህን ሒሳብ ሊያውቀው ይገባል። በዚህ ላይ ከፍታው ሌላ ቀረጥ ይጥልበታል። በ3,000 ሜትር ላይ ያለው አየር ከባሕር ጠረፍ አየር በአንድ አራተኛ ያህል የሳሳ ስለሆነ፣ ነፋሱ በዚያው ፍጥነት ቢነፍስም የሚገፋው ጉልበት በዚያው ልክ ያነሰ ነው።

ፀሐይ ግን በዚህ አገር ላይ ቸር ናት። በኢትዮጵያ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ በቀን በአማካይ 5.2 ኪሎ ዋት ሰዓት የሚያህል ኃይል ይወርዳል፤ በየካቲትና በመጋቢት ወደ 5.55 ከፍ ሲል፣ ደመና በሚበዛበት በሐምሌ ወደ 4.55 ዝቅ ይላል፤ ይኸውም በአገር አቀፍ አማካዩ ከአንድ አምስተኛ ያነሰ ልዩነት ነው። የደጋው ብርድም ለሰሌዳው ይስማማዋል፤ ሰሌዳው ከ25 ዲግሪ በላይ በሚሞቅበት ጊዜ በእያንዳንዱ ዲግሪ ከመቶ 0.4 እጅ ያህል ኃይል ያጣልና፣ በቆላ የሚሰቃየው ሰሌዳ በጉና ግርጌ ዕረፍት ያገኛል። ጋይንት፣ ስማዳና እስቴ ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን በ11ኛውና በ12ኛው ዲግሪ መካከል ስለ ተቀመጡ፣ ከሚያዝያ አጋማሽ እስከ ነሐሴ አጋማሽ የቀትር ፀሐይ በአናት በኩል አልፋ ወደ ሰሜን ትዘነብላለች፤ በቀረው ዘመን በደቡብ ትውላለች። ስለዚህ ሰሌዳው ወደ ደቡብ ፊቱን አድርጎ ጥቂት ብቻ፣ ከ12 እስከ 15 ዲግሪ ያህል ማዘንበል ይበቃዋል፤ ይህም ዝናሙ አጥቦት እንዲወርድ ያደርጋል። ከመጠን በላይ የቀና ሰሌዳ በክረምቱ፣ ፀሐይ በሰሜን ባለችበትና ብርሃን በጣም በሚያስፈልግበት ሰዓት፣ ጀርባውን ይሰጣታል።

ብዙ ሰው ግን ሁለቱን ማጣመር ለምን እንደሚጠቅም ሲያስረዳ፣ ፀሐይ በክረምት ስትደክም ነፋስ ይተካታል ይላል። ይህ በሌላ አገር እውነት ሊሆን ይችላል፤ በእኛ ሰሜናዊ ደጋ ግን ሳይመረመር መታመን የለበትም። መንግሥት በ2004 ዓ.ም. እና በ2007 ዓ.ም. በአዳማ 51 እና 153 ሜጋ ዋት፣ በጥቅምት 2006 ዓ.ም. በመቀሌ አጠገብ በአሸጎዳ 120 ሜጋ ዋት የነፋስ ጣቢያዎችን ሲያስመርቅ የሰጠው ዋና ምክንያት፣ ነፋሱ የሚበረታው የግድቦቹ ውኃ በሚቀንስበት በበጋ በመሆኑ ውኃንና ነፋስን ማጣመር ለአገሪቱ ይበጃል የሚል ነበር። ይህ ለግድብ ረዳት የሆነው ጠባይ ለፀሐይ ሰሌዳ ረዳት ሊሆን አይችልም፤ በሐምሌ ጉም በጉና ላይ ሲተኛ ነፋሱም አብሮ ሊተኛ ይችላልና። የነፋስ እውነተኛ ጥቅም በሌላ በኩል ነው፤ ተራራና ሸለቆ ባለበት አገር፣ ቀን ፀሐይ ያሞቀችው አየር ከቆላ ወደ ደጋ ይወጣል፤ ሌሊት የቀዘቀዘው አየር ደግሞ ከደጋ ወደ ቆላ ይወርዳል፤ ከበሽሎና ከዓባይ አፋፍ ላይ የሚኖር ሰው ይህን የምሽትና የንጋት ነፋስ በገላው ያውቀዋል። ፀሐይ ከገባች በኋላ የሚነፍስ ነፋስ ለባትሪው ዕረፍት ነው፤ ይህን ያህል ብቻ ቢሠራም ዋጋ አለው።

ባትሪው የዚህ ሁሉ ጎተራ ነው፤ የኃይሉም ውድ ክፍል እርሱ ነው። አንድ የገጠር የስልክ ማማ ቀንና ሌሊት አንድ ኪሎ ዋት ይወስዳል ብንል በቀን 24 ኪሎ ዋት ሰዓት ይፈልጋል። ፀሐይ በቀን 5 ሙሉ ሰዓት የምታህል ብትሰጥና በሽቦ፣ በባትሪና በአቧራ ሩብ ያህሉ ቢባክን፣ 6 ኪሎ ዋት ተኩል ሰሌዳ ይበቃዋል፤ ነገር ግን በጉም ወራት የሚገኘው 3 ሰዓት ተኩል ብቻ ቢሆን 9 ኪሎ ዋት ያስፈልገዋል። ሁለት ቀን ጨለማ ቢውል የሚያሳልፍ ባትሪም 48 ኪሎ ዋት ሰዓት መያዝ አለበት፤ የእርሳስ ባትሪ ግማሹን ብቻ ሲጠቀሙበት ዕድሜው ስለሚረዝም፣ ይህ መጠን በተግባር እጥፍ ይሆናል። ጥሩ የሌሊት ነፋስ ባለበት አፋፍ ላይ ያለ ተርባይን የሚያተርፈው እዚህ ላይ ነው፤ ባትሪው በየሌሊቱ እስከ ታች እንዳይወርድ ይጠብቀዋል። የሰሌዳ ዋጋ ግን ከ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ወዲህ ከመቶው 99 እጅ በላይ ወርዷል፤ ስለዚህ ዛሬ በጥርጣሬ ጊዜ ሰሌዳ መጨመር ተርባይን ከመጨመር የሚቀል ነው። ሰሌዳ የሚዞር አካል የለውም፤ ተርባይን ግን ኩሽኔታ አለው፣ ክንፍ አለው፣ በማዕበል ጊዜ ፊቱን ከነፋስ የሚመልስ ጅራት አለው፤ ሁሉም ጠጋኝ ይፈልጋሉ።

ከዚህ ይልቅ ብልህነት የሚጠይቀው፣ የትኛው ሥራ ሊቆይ እንደሚችልና የትኛው እንደማይችል መለየት ነው። ዶክተር ጌታቸውም በሒሳቡ ይህን ለይቷል። የውኃ ፓምፕ ፀሐይ ባለችበት ሰዓት ሁሉ ሊሠራ፣ በጠፋችበት ሊያርፍ ይችላል፤ ባትሪም አያስፈልገውም፤ ከፍ ካለ ቦታ የተቀመጠ ታንከር ውኃውን ለሦስት ቀን ያቆይለታልና። 1,000 ሰው በነፍስ ወከፍ በቀን 25 ሊትር ቢጠጣና ቢታጠብ፣ ውኃውም ከ100 ሜትር ጥልቀት ቢወጣ፣ 15 ኪሎ ዋት ሰዓት ያህል ይበቃል፤ ይህም 4 ኪሎ ዋት ሰሌዳ ማለት ነው፤ ከአንድ መማሪያ ክፍል ጣራ ግማሽ የማይሞላ ቦታ ይይዛል። ለዚህ ለትንሽ ነገር ስንት እናት በየቀኑ ገደል እየወረደች እንስራ እንደምትሸከም ሳስብ ይከነክነኛል። ወፍጮም እንዲሁ ሊቆይ የሚችል ሥራ ነው፤ በቀትር ብቻ ቢፈጭ ማንም አይራብም፤ ሆኖም ዐሥር ኪሎ ዋት ገደማ የሚጎትት ስለሆነ ለብቻው ሰሌዳ ሊኖረው፣ ከጤና ኬላው ኃይል ጋርም ፈጽሞ ሊለይ ይገባል፤ የወፍጮ ሞተር ሲነሣ የክትባት ማቀዝቀዣ የሚያጠፋ አሠራር የትም ቢሆን የተወገዘ ነው።

ጤና ኬላው ግን ቀጠሮ አያውቅም። ክትባት ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ባለው ቅዝቃዜ መካከል መቀመጥ አለበት፤ ከዚህ ቢሞቅ ይበላሻል፣ ብዙው ዓይነት ቢበርድም ይበላሻል። ለዚህ የተሠራው የፀሐይ ማቀዝቀዣ ባትሪ ያለው አይደለም፤ ፀሐይ ባለችበት ጊዜ በግድግዳው ውስጥ ያለውን ውኃ ወደ በረዶ ይለውጣል፤ ያ በረዶ ፀሐይ ብትጠፋ ቢያንስ ሦስት ቀን ቅዝቃዜውን ይጠብቃል። እንደ ላ ኩር ጋዝ ሁሉ ይህም ኃይልን በሌላ መልክ ማከማቸት ነው። ለአዋላጇ አምፑል፣ ለስልኳና ለትንሽ መሣሪያዎች ደግሞ መጠነኛ ባትሪ ይበቃል። ሌሊት በስምንት ሰዓት ምጥ የያዛት እናት በቃሬዛ ስትመጣ፣ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ማብሪያውን ስትጫን መብራት እንዲበራ ለማድረግ የሚያስፈልገው ኃይል ከማንኛውም ሥራ ያነሰ ነው፤ ክብደቱ ግን ከሁሉ ይበልጣል።

የቤተ ክርስቲያኑና የጉባኤ ቤቱ ነገር በዚህ አገር ከሌላው ተለይቶ የሚታይ ነው። የድጓ ማስመስከሪያ የሆነችው ቤተ ልሔም፣ የዝማሬ መዋሥዕት ማስመስከሪያ የሆነው ዙር አምባ የሚገኙት በጋይንት ነው፤ ከየአውራጃው የተሰበሰቡ ደቀ መዛሙርት የቃሉን ትምህርት በጨለማ ሊያጠኑት ይችላሉ፤ የድጓውን ምልክት አይቶ መጻፍና ማረም ግን ብርሃን ይፈልጋል። ጎጆአቸው ትንሽ፣ ፍላጎታቸውም ትንሽ ስለሆነ፣ ለአንድ ጉባኤ ቤት የሚያስፈልገው ኃይል ለአንድ ማቀዝቀዣ ከሚያስፈልገው አይበልጥም። ነገር ግን ለነፋሱ አንድ እንቅፋት አለ። የገጠር ቤተ ክርስቲያን ዙሪያውን በደን የተከበበ ነው፤ ተርባይን ደግሞ በ100 ሜትር ዙሪያ ካለው ዛፍና ቤት ሁሉ ቢያንስ በ10 ሜትር ከፍ ብሎ ካልቆመ የሚደርሰው የተዘበራረቀ ነፋስ ብቻ ነው። ስለዚህ ለተርባይን ሲባል ከጥንት የቆየውን ጽድና ወይራ መቁረጥ ፈጽሞ ሊታሰብ አይገባም፤ ለእነዚህ ቦታዎች ከደኑ ወጣ ብሎ በሚተከል ሰሌዳ ብቻ መወሰን ይሻላል። የቤተ ክርስቲያን ሊቃውንት ለዚህ ትምህርት ባይተዋር አይደሉም፤ ሙሉ ሆኖ በግእዝ ብቻ በቆየው በመጽሐፈ ሄኖክ የፀሐይን መውጫና መግቢያ ኆኅት፣ የዐሥራ ሁለቱንም ነፋሳት ኆኅት ሲያጠኑ ኖረዋልና፣ ፀሐይ በየትኛው ወር በየት በኩል እንደምትወጣ ከባለሙያው ቀድመው ሊነግሩት ይችላሉ።

አሁን ወደ ሬማ ትምህርት፣ ይኸውም ወደ ጥገናው ነገር እመለሳለሁ። በየክልሉ ከተተከሉት የፀሐይ መሣሪያዎች ብዙዎቹ የሞቱት ፀሐይ ስለ ጠፋች አይደለም፤ ጠባቂ ስላጡ ነው። የተረሳን የባትሪ ሣጥን የከፈተ ሰው በሁለቱ ጫፎች ላይ ነጭና አረንጓዴ ዱቄት ተጋግሮ፣ ውኃው ወርዶ የእርሳሱ ሳሕን ተራቁቶ፣ ማሰሪያው ላልቶ ሽቦው ጠቁሮ ያገኘዋል፤ ይህን ሁሉ ጥቂት የተጣራ ውኃ፣ ብሩሽና መፍቻ ይዞ በወር አንድ ጊዜ የሚመጣ ሰው ይከለክለው ነበር። በኅዳርና በታኅሣሥ እህል በየአውድማው ሲወቃ እብቁ በነፋስ ተነሥቶ በሰሌዳው ላይ ያርፋል፤ ዝናም ስለሌለ በዚያው ይጋገራል፤ በእርጥብ ጨርቅ በማለዳ የሚጠርገው ልጅ ከሌለ ከኃይሉ ብዙው በከንቱ ይቀራል። መብረቅ በሚበዛበት በዚህ ደጋ የምድር ሽቦ ሳይቀበር የቆመ ማማ ደግሞ ከባትሪ ጀምሮ እስከ አምፑል ያለውን በአንድ ብልጭታ ያቃጥላል። የእርሳስ ባትሪ በደኅና ቢያዝ እንኳ ከሦስት እስከ አምስት ዓመት ነው የሚኖረው፤ የሚተካበትን ገንዘብ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ያላጠራቀመ ቀበሌ በአምስተኛው ዓመት እንደ ገና ጨለማ ውስጥ ይገባል። የሊቲየም ባትሪ ዕድሜው ከዚህ እጥፍና ከዚያም በላይ ነውና፣ ዋጋው ቢከብድም ሩቅ ለሆነ ቦታ እርሱን መምረጥ ይሻላል ባይ ነኝ።

ይህን የሚያደራጅ ሥርዓት ከውጭ አገር መፈለግ አያስፈልገንም። ባላገሩ የመስኖ ውኃን ሲከፋፈል የውኃ አባት ይሾማል፤ የውኃ አባቱ ተራ ይጠብቃል፣ ቦይ ያስጠርጋል፣ ያጠፋውን ይቀጣል፤ ሥልጣኑም የሚጸናው ሰዎቹ ራሳቸው ስለ መረጡት ነው። የጋራ መብራት ላለው ቀበሌም እንዲሁ የመብራት አባት ይሾምለት፤ ቁልፉ በእጁ ይሁን፣ ከወፍጮና ከስልክ ቻርጅ የሚገኘው ገንዘብ እንደ ዕድር ገንዘብ በመዝገብ ይያዝ፣ ከቀበሌው ሁለት ልጆች በደብረ ታቦር ጥገናውን ተምረው ይመለሱ፤ ደመወዛቸውም ከዚያው ገንዘብ ይከፈል። ዕቃውን የሚሰጥ ማንኛውም መሥሪያ ቤት ከዕቃው ጋር ይህን ማኅበር ሳያቆም መሄድ የለበትም፤ ማኅበሩ ያልተቋቋመበት ቀበሌም ዕቃውን ባይቀበል ይሻላል።

መጀመሪያ የሚሠራው ሥራ ርካሽ ነው። በላይ ጋይንት፣ በታች ጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ ከሸለቆ አፋፍ ላይ ካሉት ትምህርት ቤቶች በጥቂቱ ላይ ነፋስ የሚለካ መሣሪያ ከመሬት 10 ሜትር፣ ከተቻለም ተርባይኑ ይቆምበታል በሚባለው ከፍታ ላይ ይሰቀል፤ የብርሃኑ መጠንም አብሮ ይለካ፤ የሳይንስ መምህሩና ተማሪዎቹ ቁጥሩን ከሰኔ 26 ቀን፣ ከዘመነ ክረምት መግቢያ ጀምሮ እስከሚቀጥለው ሰኔ ድረስ በየቀኑ፣ ከተቻለም በየሰዓቱ በመዝገብ ይጻፉት። ዓመቱ ሲሞላ የሐምሌና የነሐሴ ሌሊቶች ቁጥር ለብቻው ወጥቶ ይታይ። አማካዩ በሴኮንድ ከ4 ሜትር በታች የሆነበት ቦታ ተርባይኑን ትቶ ገንዘቡን ለሰሌዳና ለባትሪ ያውለው፤ 5 ሜትርና ከዚያ በላይ የሆነበት፣ በተለይም ነፋሱ ማታ የሚበረታበት አፋፍ፣ አንድ ተርባይን ይትከል፤ በመካከል የቀረው ደግሞ ሌላ አንድ ዓመት ይለካ።